አንድ ቃል፣ ሁለት ዳር፦ «ባንክ»ን ለይቶ ማንበብ

እንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ «ባንክ» ሲገጥማችሁ ወዲያው ገንዘብ አታስቡ። መጀመሪያ ከፊቱ ያለውን መስተዋድድ እዩ። «ኦን ዘ ባንክ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ የወንዝ ዳር ነው፤ «አት ዘ ባንክ» ወይም «ኢን ዘ ባንክ» ካለ ገንዘብ ቤቱ።

የጎጃም ተማሪ የሚስተው ጣና ላይ ነው። ባንክ አብዛኛውን ጊዜ የወራጅ ውሃ ዳር ነው፤ የአባይ፣ የጨሞጋ፣ የብር ወንዝ (ይኼኛው ስሙም ገንዘብ ስለሚመስል ይበልጥ ያደናግራል)። የሐይቅና የባሕር ዳር ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሾር» ይባላል። ስለዚህ የባሕር ዳር ከተማን ስም ስትተረጉሙ «ባንክ» አትጻፉ።

ቀኝና ግራ ባንክን ለመለየት ፊታችሁን ውሃው ወደሚወርድበት አዙሩ። አባይ ከጣና ሲወጣ መሃል ባሕር ዳር በቀኝ ባንክ ትገኛለች። ወደ ሐይቁ ዞሮ የሚቆም ሰው ይገለብጠዋል፤ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

የገንዘቡ «ባንክ» ከጣሊያንኛው «ባንካ» የመጣ ነው፤ ገንዘብ መንዛሪዎች የሚሠሩበት አግዳሚ ማለት ነበር። የወንዙ ደግሞ ከስካንዲኔቪያ ቋንቋ ገባ። ጣሊያንኛው ራሱ ቃሉን ከጀርመን ዘር ቋንቋዎች ስለተዋሰ፣ ሁለቱ ሥረ መሠረታቸው ላይ ይገናኛሉ። ኪሳራ የገባውን ሰው የሚጠሩበት «ባንክራፕት»ም ከዚያው ነው፦ «ባንካ ሮታ»፣ የተሰበረ አግዳሚ።

«ባንክ ኦን» ካያችሁ ግን ወንዝም ገንዘብም የለበትም፤ በአንድ ነገር መተማመን ነው።