ኤኤፍኤል መግባት ለምትፈልግ፦ መንገዱ ከየት ይጀምራል፣ በየት ያልፋል

ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ኤኤፍኤል፣ ማለትም የአውስትራሊያ እግር ኳስ (ፉቲ የሚሉት) ዋናው ሊግ ውስጥ መጫወት የምትፈልግ ከሆነ፣ ወደዚያ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ እንዳልሆነ ከወዲሁ እወቅ። ብዙ ልጆች በ18 ዓመታቸው ድራፍት ላይ (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው) ስማቸው ሳይጠራ ሲቀር "በቃ፣ አለቀልኝ" ብለው ጫማቸውን ይሰቅላሉ። ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ገብተው ዋንጫ ያነሱ ሰዎች አሉ፤ ወደ ታች ስማቸውን እየጠራሁ እነግርሃለሁ።

ልጁ ምን እንደሚጫወት ግራ ለገባው ወላጅ ባጭሩ ላስረዳ። ሜዳው ሞላላ ነው፣ ኳሷም ሞላላ ናት። በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል። ጨዋታው አራት ሩብ አለው፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ሆኖ ጨዋታው የቆመበት ሰዓት ይጨመርበታል። በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መሀል ኳሷን በእግሩ መትቶ ያሳለፈ 6 ነጥብ ያገኛል፣ በጎን ባሉት አጫጭር ቋሚዎች በኩል ካለፈች 1 ነጥብ። በእጅ መወርወር ክልክል ነው፤ በቡጢ መትቶ ማቀበል ነው፣ ሃንድቦል ይሉታል። ይዘህ መሮጥ ትችላለህ፣ ግን በየ15 ሜትሩ መሬት ማስነካት አለብህ። በእግር ተመትታ ቢያንስ 15 ሜትር የተጓዘች ኳስ አየር ላይ ከቀለብክ ማርክ ነው፤ ማንም ሳይነካህ ተረጋግተህ ትመታለህ።

መጀመሪያ አመታት ተማር

ኦስኪክ የሚባለው የሕፃናት ፕሮግራም ከአምስት ዓመት ጀምሮ ይቀበላል። ስለዚህ አንተ በ13 ዓመትህ ስትጀምር፣ ከጎንህ የቆመው ልጅ ስምንት ዓመት ቀድሞሃል። ሩጫና ዝላይ ተፈጥሮ ከሰጠህ እሰየው፣ አሰልጣኙም ወዲያው ያየዋል። አመታት ግን ማንም ይዞት አይወለድም። ኳሷ ክብ ስላልሆነች ካበላሻት ወዴት እንደምትነጥር አታውቅም። በኔ አስተያየት ዘግይተው የጀመሩ ልጆች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው፤ ፍጥነታቸውን ያየ ሁሉ ስለሚያደንቃቸው አመታቱን የሚያርማቸው ሰው አያገኙም።

ዋናው ነገር ኳሷን ከእጅህ የምትለቅበት መንገድ ነው። ቁመቷን ቀጥ አድርገህ በሁለት እጅህ ከግራና ከቀኝ ያዛት፣ ክሯ ወደ ፊት ይዙር። በቀኝህ የምትመታ ከሆነ ግራ እጅህ ቀድሞ ይለቃል፤ ቀኝ እጅህ ደግሞ እስከ ዳሌህ ድረስ ይዟት ይወርድና እዚያ ላይ ይለቃታል። ወደ ላይ አትወርውራት። ከደረትህ ላይም አትልቀቃት፣ ብዙ በወረደች ቁጥር ትንጋደዳለች። ቁርጭምጭሚትህን አጠንክር፣ የእግርህን ጣቶች ወደ ዒላማው ዘርጋ፣ የታችኛውን ሹል ጫፍ በእግርህ ጀርባ ምታ። ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ቀጥ ብላ ከሄደች ልክ ነህ። ተንጋዳ ከሄደች እግርህን ከመውቀስህ በፊት አለቃቀቅህን እይ። በ15 ሜትር ጀምር፣ ርቀቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ከዚያ ያንኑ በሌላኛው እግርህ። መጀመሪያ ያስጠላል፣ ግን በአንድ እግር ብቻ የሚመታን ልጅ ተከላካይ በቀላሉ ይዘጋዋል።

ሃንድቦል ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ቡጢህን ስትጨብጥ አውራ ጣትህ ውጪ ይሁን። ውስጥ ካስገባኸው ጣትህን ትጎዳለህ።

ከሰፈር ክለብ ወደ ላይ

የሰፈር ክለብ ፈልገህ ተመዝገብ፣ ሌላ አቋራጭ የለም። ቪክቶሪያ ውስጥ ጎበዝ ልጆች ከሰፈር ክለባቸው ተመርጠው ወደ ታለንት ሊግ ይሄዳሉ፤ ከ18 ዓመት በታች የሚጫወቱበት ሊግ ነው። የት ክለብ እንደምትገባ የሚወስነው የምትኖርበት ሰፈር ነው። ሜልበርን ምዕራብ ያለ ልጅ ዌስተርን ጄትስን ያስባል፣ በዳንዲኖንግ በኩል ያለ ዳንዲኖንግ ስቲንግሬይስን። አደላይድ ከሆንክ በኤስኤኤንኤፍኤል፣ ፐርዝ ከሆንክ በደብሊውኤኤፍኤል (የየክልላቸው ሊጎች ናቸው) ክለቦች የወጣት ቡድን በኩል ታልፋለህ። ከዚያ በላይ ክልሎች እርስ በርስ የሚገጥሙበት ከ18 ዓመት በታች ሻምፒዮና አለ፤ መልማዮች በብዛት ከሚጎርፉባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

መልማዮች ምን ያያሉ? ኳስ ስትይዝማ ሁሉም ያይሃል። እነሱ የሚጽፉት ኳስ ከጠፋብህ በኋላ ያለውን አምስት ሰከንድ ነው። እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ ቆምክ ወይስ ዞረህ አሳደድክ? ጓደኛህ ሲሳሳት ፊትህ ምን ይመስላል? እነዚህ ተሰጥኦ አይጠይቁም፣ ዛሬ ማታ ልምምድ ላይ መጀመር ትችላለህ።

ለእኛ ልጆች በተለይ የሚጠቅም ሌላ በር አለ። የኤኤፍኤል ክለቦች ኔክስት ጀነሬሽን አካዳሚ የሚባል ነገር አላቸው፤ ለአገሬው ተወላጆችና ከሌላ አገር ለመጡ ቤተሰቦች ልጆች የተከፈተ ነው። ወላጆችህ ከአፍሪካ የመጡ ከሆነ ጠይቅ፣ አትፈር። ቻንግኩኦት ጂያት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የተወለደው፤ ቤተሰቡ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፣ ያደገው ቪክቶሪያ ገጠር ሞርዌል ውስጥ ነው። በሃውቶርን አካዳሚ በኩል ገብቶ በ2019 የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ከእሱ በፊት ደግሞ ካርቱም የተወለደው ማጃክ ዳው አለ። አውስትራሊያ ሲደርስ ፉቲ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፣ በ2013 ለኖርዝ ሜልበርን ተሰለፈ። ሱዳን ተወልዶ ኤኤፍኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ሴት ልጅ ከሆንሽ መንገዱ ያው ነው ማለት ይቻላል። የሴቶቹ ሊግ በ2017 ተጀመረ፣ ከ2022 ጀምሮ 18ቱም ክለቦች የሴት ቡድን አላቸው። ደቡብ ሱዳን የተወለደችው አኬች ማኩር ቹኦት ገና በመጀመሪያው ዓመት ለፍሪማንትል ተጫውታለች።

ድራፍት፣ እና ድራፍት ላይ ካልተጠራህ

ድራፍት በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ ይካሄዳል። በዚያ ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 18 ዓመት የሚሞላህ ከሆነ መመዝገብ ትችላለህ። በደረጃው ግርጌ ያለቀው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል (ክለቦች ተራቸውን ስለሚለዋወጡ ይቀያየራል)። ክለቡን የምትመርጠው አንተ አይደለህም። ሜልበርን ያደገ ልጅ ዌስት ኮስት ከጠራው ፐርዝ ይሄዳል፣ በአውሮፕላን አራት ሰዓት። ይህንን ለእናትህ ቀድመህ ንገራት፣ በዚያች ሌሊት እንዳትደነግጥ።

ከድራፍቱ በፊት ኮምባይን የሚባል ፈተና አለ፤ የ20 ሜትር ሩጫ፣ የ2 ኪሎሜትር ሩጫ፣ ዝላይ፣ ቅልጥፍና። ለ2 ኪሎሜትሩ ከወራት በፊት ተዘጋጅ፣ በመጨረሻዋ ሳምንት የሚስተካከል ነገር አይደለም። ክለቦች ለብቻህ አስቀምጠውም ያናግሩሃል። እዚያ ላይ የተሸመደደ መልስ አትስጥ። ድክመትህን ሲጠይቁህ እውነተኛውን ንገራቸው፤ ቪዲዮህን አይተው ነው የሚጠይቁህ።

አሁን ስምህ አልተጠራም ወይም በጣም ዘግይቶ ተጠራ እንበል። ጄምስ ሄርድ በ1990 ድራፍት 79ኛ ሆኖ ነው የተመረጠው፤ በ1996 ብራውንሎው አገኘ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመው ሜዳልያ ነው። ማት ፕሪዲስ ዋናው ድራፍት ላይ ተዘሎ በሩኪ ዝርዝር (ክለቡ ለጀማሪዎች የሚይዘው ተጨማሪ ዝርዝር) ነው የገባው፣ የ2014ቱን ብራውንሎው ወሰደ። ቶም ስቱዋርት ጂሎንግ ሲመርጠው 23 ዓመቱ ነበር። ሜሰን ኮክስ ደግሞ አሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት የነበረ 211 ሴንቲሜትር ሰው ነው፤ ካደገ በኋላ ፉቲ ተምሮ በ2023 ከኮሊንግዉድ ጋር ዋንጫ አነሳ።

የማርሊዮን ፒኬት ታሪክ ግን ለብቻው መነገር አለበት። በወጣትነቱ እስር ቤት ነበር። ወጥቶ ፐርዝ ውስጥ በክልሉ ሊግ ዓመታት ተጫወተ። በ2019 ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ በሚደረገው የአጋማሽ ድራፍት ሪችመንድ ወሰደው። የመጀመሪያ ጨዋታው የት ነበር መሰለህ? ዋንጫው በሚወሰንበት ግራንድ ፋይናል ላይ፣ ኤምሲጂ በሚባለው የሜልበርን ትልቅ ስታዲየም፣ 100 ሺህ ሰው ፊት፣ በ27 ዓመቱ። አሸነፉ፣ እሱም ጎል አስቆጠረ።

ስለዚህ በ18 ዓመትህ ካልተጠራህ ወደ ቪኤፍኤል (ከኤኤፍኤል በታች ያለ ሊግ ነው) ወይም ወደ ክልልህ ሊግ ሂድና ተጫወት። መልማዮች እዚያም ይመጣሉ። ጎን ለጎን ሥራ ወይም ትምህርት ያዝ፣ ግን ለራስህ ሦስት አራት ዓመት ስጠው።

ከገባህ በኋላ

መግባት የሥራው የመጀመሪያ ቀን ነው። የመጀመሪያው ውል አጭር ነው፣ ከዚያ በየጊዜው ማሳደስ አለብህ። ከሌላ ክልል የመጣህ ከሆነ ክለቡ ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ጋ ያስቀምጥሃል። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ በሁለተኛው ቡድን ብትጫወት አትደንግጥ፤ ሰውነትህ ገና ነው፣ ከሠላሳ ዓመት ሰው ጋር ነው የምትጋጨው። ልምምዱ ከኅዳር ጀምሮ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጨዋታው ከማርች እስከ ሴፕቴምበር። ጀርባህ ላይ ጂፒኤስ ይደረጋል፣ ስንት እንደሮጥክ አሰልጣኙ ያውቃል። መሀል ሜዳ የሚጫወት ሰው በአንድ ጨዋታ 12 ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። ጾም የምትጾም ከሆነ ለክለቡ የምግብ ባለሙያ ገና ስትገባ ንገረው፤ ተደብቀህ እየጾምክ አትድከም። ባቻር ሁሊ ሙስሊምነቱን በግልጽ እየኖረ ከሪችመንድ ጋር በ2017 እና በ2019 ዋንጫ አንስቷል፣ ክለቦች ይህን መስማት ለምደዋል።

ሁለት ነገር ላይ ጥብቅ ሁን። አንደኛ፣ ማንም የሚሰጥህን ኪኒንም ሆነ መርፌ ሳትጠይቅ አትውሰድ። በ2016 ከኤሰንደን ክለብ የሰፕልመንት (ሰውነት ማጠናከሪያ) ፕሮግራም ጋር በተያያዘ 34 ተጫዋቾች ታግደዋል፤ "ክለቡ ነው የሰጠኝ" ማለት አላዳናቸውም። ሁለተኛ፣ በፉቲ ውርርድ አትግባ፣ በአምስት ዶላርም ቢሆን፣ በጓደኛህ ስምም ቢሆን። ይህም ያሳግዳል።

ጭንቅላትህን ከተመታህ ተናገር። እለምንሃለሁ፣ አትደብቅ። በሊጉ ደንብ መሠረት ኮንካሽን (ጭንቅላት ተመትቶ አንጎል ሲጎዳ) የደረሰበት ሰው ቢያንስ 12 ቀን ሳይጫወት ይቆያል፤ ያ ማለት አንድ ጨዋታ ያመልጥሃል ማለት ነው፣ ያምልጥህ። አንገስ ብሬሾው ከሜልበርን ጋር ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች ነው። በ2024 ሐኪሞች ምርመራውን አይተው አቁም አሉት፣ ገና 28 ዓመቱ ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በ2023 በተደረሰው ስምምነት የወንዶቹ አማካይ ክፍያ በ2027 ወደ 519 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር፣ የሴቶቹ ወደ 82 ሺህ ይደርሳል። አማካይ ነው እንግዲህ፤ ትላልቆቹ ኮከቦች ወደ ላይ ስለሚጎትቱት አዲስ የገባ ልጅ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚያገኘው። ወኪል ስትይዝ በተጫዋቾች ማኅበር ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጥ። አጎትህ ነጋዴ ስለሆነ ብቻ ውል አያነብልህም። ስምንት ዓመት በአንድ ክለብ ከቆየህ ፍሪ ኤጀንት የመሆን፣ ማለትም ውልህ ሲያልቅ ወደ ሌላ ክለብ የመሄድ መብት ይመጣል፣ ግን ብዙው ተጫዋች እዚያ ሳይደርስ ነው የሚለቀቀው።

ወላጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ልጁ ትምህርቱን እንዲተው አትፍቀዱለት፣ ፉቲውንም "ጊዜ ማባከን ነው" ብላችሁ አትከልክሉት። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የተጫዋቾች ማኅበሩ እየተጫወቱ ለሚማሩ ድጋፍ አለው፣ ሙያ የሚማሩ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚጨርሱ ተጫዋቾች ሞልተዋል። ደግሞ አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ እዩት። ሌሎቹ ልጆች አባታቸው አጥሩን ተደግፎ ሲያያቸው፣ የእናንተ ልጅም ዞር ዞር እያለ ይፈልጋችኋል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የሰፈርህን ክለብ ፈልግና ፕሌይኤችኪው በሚባለው ድረ ገጽ ተመዝገብ፤ ክፍያው ከከበደህ ለክለቡ ጸሐፊ ንገር፣ ብዙ ክለቦች ይረዳሉ። የሰፈር ክለቦች በብዛት ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ነው የሚለማመዱት። ባለ ጥርስ ጫማ፣ የጥርስ መከላከያና ውሃ ይዘህ ሂድ። ሩብ ሰዓት ቀድመህ ድረስና አሰልጣኙን ኳስ አበድረኝ በለው፣ ሌሎቹ እስኪሰበሰቡ አለቃቀቅህን ተለማመድ።