ባሕር ዳር ላይ ቤት የሚገዛ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የውጭ ፓስፖርት ይዞ ቤት መግዛት አይቻልም የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አክስሯል። ያከሰረው ክልከላው ሳይሆን ክልከላውን ፈርቶ የተሄደበት አቋራጭ ነው። በወንድም ስም ማስመዝገብ፣ ውልና ማስረጃ ፊት ባልተፈረመ የመንደር ውል መግዛት፣ ከገበሬ በ«ብድር» ስም መሬት መውሰድ፣ ሁሉም የሚመነጩት ከዚሁ ፍርሃት ነው። ስለዚህ ከሕጉ እንነሳ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን አይችልም ይላል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ግን አዋጅ ቁጥር 270/1994 በሩን ከፍቷል። ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጥቶ ቤት በስሙ መያዝ ይችላል (የኤርትራ ዜግነት የወሰደ ከዚህ ውጭ ነው)። ኢትዮጵያዊ የዘር ሐረግ ለሌለው የውጭ ዜጋ በ2017 ዓ.ም ሌላ አዋጅ ወጥቷል፤ እሱ የሚጠይቀው ቢያንስ 150,000 ዶላር ነው። ቢጫ ካርድ ማውጣት የሚችል ሰው ወደዚያ መሄድ አያስፈልገውም።

በድሮው መታወቂያ መግዛት

አገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው፣ የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ ቢኖርም፣ በሕግ ፊት ኢትዮጵያዊ አይደለም። በዚያ መታወቂያ የተፈረመ ውል ለጊዜው ያልፍ ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ቤቱን ሊሸጡ ወይም ለልጅ ሊያወርሱ ሲሉ ነው።

ከዚህ ጋር የስም ጉዳይ አለ። እኛ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም እንጽፋለን፤ የውጭው ፓስፖርት ግን ብዙ ጊዜ የአባትን ስም ይዘላል ወይም የአያትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ካርታው (የይዞታ ማረጋገጫው) ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ስም ከሰፈረ የአንድ ሰው ስሞች ስለመሆናቸው ማረጋገጫ ማምጣት ሊኖርብዎት ነው። ቢጫ ካርዱ፣ ውሉና ካርታው ላይ ያለው ስም ከመጀመሪያው በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን።

በዘመድ ስም ማስመዝገብ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 የይዞታ ማረጋገጫ በስሙ የወጣለትን ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። ብሩን የላኩት እርስዎ መሆንዎን የሚያሳየው የባንክ ደረሰኝ ገንዘብ መላክዎን ያስረዳል እንጂ ቤቱን የእርስዎ አያደርገውም። ዘመድዎ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ሚስቱ ግን በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት ነው ብላ ግማሹን ብትጠይቅ ግምቱ ለእሷ ያደላል። ዕዳ ካለበት ባለገንዘቡ ቤቱን በፍርድ ቤት ያሳግዳል። ከሞተ ልጆቹ ይወርሳሉ፤ ልጆቹ ደግሞ የእናንተን የቃል ስምምነት አልሰሙም። በጎን የሚጻፈው «ቤቱ የእሱ ነው» የሚል ወረቀት እነዚህን ሁሉ አያስቆምም።

ውክልናን በደፈናው መስጠት

ካሉበት አገር ሆነው መግዛት ይቻላል፤ ግን ውክልናው በጥንቃቄ ይጻፍ። ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለማስተዳደር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ለግዢ የሚሰጡት ሰነድ እንዲገዛልዎ፣ ውል እንዲፈርምልዎና ስሙን *ወደ እርስዎ* እንዲያዛውርልዎ በግልጽ ይዘርዝር፤ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚለውን ሐረግ ግን ያስወጡት። ተዘጋጅቶ የሚመጣው ቅጽ ብዙ ጊዜ ሁሉንም አንድ ላይ አጭቆ ይዟል፤ ሳያነቡ አይፈርሙ። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠው ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሳይረጋገጥ ባሕር ዳር ላይ አይሠራም። ግዢው እንዳለቀ ውክልናውን ይሻሩ፤ ዝም ብሎ የተተወ ውክልና ክፍት በር ነው።

ካርታን በቴሌግራም አይቶ ቀብድ መላክ

ደላላው የካርታ ፎቶ ይልካል፣ «ሌላ ገዢ መጥቷል» ይላል፣ ቀብድ ይላካል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ውሉን የተወ ቀብድ ሰጪ ቀብዱን ያጣል፣ የተወው ተቀባይ ከሆነ እጥፍ ይመልሳል። ሕጉ እንዲህ ቢልም እጥፉን ለማስመለስ ክስ መመሥረት አለ።

ብር ከመነቃነቁ በፊት ወኪልዎ ከሻጩ ጋር ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ፋይሉን ያስወጣ። እዚያ የሚታዩት፦ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተገኘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የተያዘ)፣ ሊዝ ከሆነ ምን ያህል ክፍያ እንደቀረና ለመኖሪያ ከሚሰጠው 99 ዓመት ስንቱ እንዳለቀ፣ ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑ፣ የግንባታ ፈቃዱ ቆሞ ከሚታየው ቤት ጋር መግጠሙ። ቀጥሎ ቀያሽ ይቅጠሩና ካርታው ላይ ያሉትን የማዕዘን መጋጠሚያ ነጥቦች መሬት ላይ ያስለኩ። ካርታው 200 ካሬ ብሎ አጥሩ 230 የሚይዝ ከሆነ 30ው የእርስዎ አይደለም፤ ሻጩ ግን ዋጋውን በ230 ነው የሚያሰላው። ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ወደ ሊዝ ይገባል፤ ያንንም ወጪ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሻጮቹ ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ይፈርሙ። የወራሾች ቤት ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ ይፈርሙ፤ «እህቴ ውጭ ናት፣ ተስማምታለች» በቂ አይደለም። የቀበሌ ቤት «ቁልፍ» የሚሸጥ ካለ የሚሸጠው ቤት የለውም።

ከገበሬ መግዛት

በሰባታሚት፣ በዘንዘልማና በመሸንቲ አቅጣጫ ዋጋው ስለሚረክስ ዓይን ይስባል። መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ደንግጓል፤ ስለዚህ ውሉ ስጦታ፣ ብድር ወይም የረጅም ጊዜ ኪራይ እየተባለ ይጻፋል። ከተማው ሲሰፋ ደግሞ ካሳው የሚከፈለው የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ገበሬ ነው። በሌሊት የተሠራው ጨረቃ ቤት ፈርሶ የቆርቆሮ ዋጋ እንኳ ላይገኝ ይችላል።

ሐይቁን በጥር አይቶ መወሰን

ከውጭ የሚመጣ ሰው ባሕር ዳርን የሚያየው ለገናና ለጥምቀት፣ ወይም ልጆች ትምህርት ሲዘጉ በሐምሌ ነው። በጥር ጣና እየሸሸ ነው፤ በሐምሌ ገና መሙላቱ ነው። ውሃው ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። በዓመት ውስጥ ያለው ልዩነት ከአንድ ሜትር ይበልጣል። በ100 ሜትር 1 ሜትር ብቻ በሚያዘቀዝቅ ሜዳ ላይ ደግሞ አንድ ሜትር ከፍታ ማለት 100 ሜትር ወደ ግቢ መግባት ነው። ቦታውን በጥቅምት መጀመሪያ ሰው ልከው ቪዲዮ ያስቀርጹ። ደንገልና ፊላ የበቀለበት፣ ወይም አጥሩ ሥር አግድም የውሃ መስመር ያለበት ቦታ ውሃ እንደሚደርስበት ምስክር አያሻውም። ከዚህም ሌላ ጣና ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር (የተፈጥሮ ጥበቃ) ክልል ነው፤ ዳርቻው ላይ ያለ ቦታ በከተማው ፕላን ለመኖሪያ የተመደበ መሆኑን ማዘጋጃ ቤት ሳያረጋግጡ አይንኩት።

አፈሩም ይታይ። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ በተለይ ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ የመሠረት ችግር ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ሲያዩ ከውስጥ ይልቅ የጀርባውን ግድግዳ ይመልከቱ፤ ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚቀባው ፊቱን ነው።

ውል ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ

ሻጩ ግብር ለማሳነስ ይህን ይጠይቃል፤ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ስላለ ገዢውም ይፈተናል። ውሉ ቢፈርስ ግን የሚመለስልዎ የተጻፈው ነው። ክፍያው ከባንክ ወደ ባንክ ይሁን፤ ዶላሩ በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳየውን ደረሰኝ አይጣሉት። ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። የመንደር ውል ስም አያዛውርም።

ከገዙ በኋላ መርሳት

ስም ካልዞረ ግዢው አላለቀም፤ ቁልፍ መረከብ ሌላ፣ ካርታ መረከብ ሌላ። የሊዝ ክፍያና ዓመታዊ የቤትና የቦታ ግብር በየዓመቱ በስምዎ ተከፍሎ ደረሰኙ ፎቶ ተነስቶ ይላክልዎ። ቤቱን ካከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር አለ፤ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። ቤት ጠባቂ ያለ ወረቀት ለዓመታት ካስቀመጡ «በነፃ ነው የምኖረው፣ ቤቱ የእኔ ነው» የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ ደመወዙን በባንክ ይክፈሉት፣ የሥራ ውሉን አስፈርመው ከካርታው ጋር ያስቀምጡት።