አሮጌ ማኑዋል ቢኤም ገዝቶ በጎጃም መንገድ በየቀኑ ለመንዳት

ደብረ ማርቆስ ላይ «ቢኤም ልገዛ ነው» ብትል መጀመሪያ የምትሰማው ሳቅ ነው። ቀጥሎ «ለምን ቪትዝ አትገዛም?» ይመጣል። ምክሩ ክፉ አይደለም። የቪትዝ ዕቃ በየሱቁ ሞልቷል። እኔ ግን ሥራዬ የሒሳብ ምርመራ ነው። አንድ ቀን ሉማሜ፣ አንድ ቀን አማኑኤል፣ ሲብስ ደንበጫ እውላለሁ። ይህን ያህል ሰዓት መሪ ይዞ የሚውል ሰው የሚነዳትን መኪና ቢወድ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለቆረጠ ሰው ነው። የማወራው ስለ ኢ-36 ነው፤ ቢኤምደብሊው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ስለሠራት የሦስት ሲሪዝ መኪና። የኔዋ 320 አይ ናት። ስድስት ሲሊንደር፣ አምስት ማርሽ፣ ጉልበቷ በኋላ ጎማ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ገበያው ላይ ያሉት ያው ያሉት ናቸው። አሮጌ መኪና መንከባከብ የሚሰለችህ ከሆነ ከአሁኑ ተመለስ።

ልትገዛ ስትሄድ ማግኔት በኪስህ ያዝ። ቀልዴን አይደለም። 320 አይ በሁለት ዓይነት ሞተር መጥታለች። የመጀመሪያው ኤም50 ብሎኩ ብረት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተካው ኤም52 ደግሞ አልሙኒየም ሆኖ የሲሊንደሩ ግድግዳ ኒካሲል በሚባል የኒኬል ልባጥ የተለበጠ ነው። ሰልፈር የበዛበት ቤንዚን ያን ልባጥ ይበላዋል፤ በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ እንኳ ብዙ ባለመኪና ሞተር አስቀይሯል። ማግኔቱ ብሎኩ ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው፣ ቀጥል። ካልተጣበቀ አመስግነህ ውጣ። ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት ብቻውን አያስተማምንም፤ ሞተር የተቀየረላት መኪና ብዙ ናት። ደላላው ይሳቅብህ፣ ግድ የለም።

ሻጩን «መኪናዋን ሳታስነሳ ጠብቀኝ» በለው። ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ዳስስ። ሞቆ ካገኘኸው አስቀድመው አሙቀው የደበቁት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ከሆነች የዘይት ክዳኑን ፈትተህ ከሥሩ እይ። እርጎ የመሰለ ነገር ከያዘ ውሃና ዘይት ሳይገናኙ አልቀሩም። ከዚያ ዳገት ፈልግና በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ስትሄድ ነዳጁን እስከ ታች እርገጠው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልተከተለች ፍሪሲዮኑ አልቋል። እሱን ለመቀየር ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውረድ አለበት፤ የዚያን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ከሦስት ወደ ሁለት ስትመልስ ካፋጨች ግን ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ያንን ክርክር እኔ አልጀምረውም።

ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ የተደረገች፣ ሰፊ ቸርኬ የገባላት ካጋጠመችህ እለፋት። ኮብልስቶኑና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታው አንድ ክረምት አያቆያትም። ባለ 15 ኢንች ቸርኬ፣ ጎኑ ወፈር ያለ ጎማ ይሻላል። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ወስደህ ከሥር ጎሚኒዎቹን (የእግሮቿን መገጣጠሚያ ጎማዎች) አሳይ። በሰዓት 80 ስትሄድ ፍሬን ስትይዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ከኋላ ኳ ኳ ካለ፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ውሃው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የዚህ ሞተር የሥራ ሙቀትም እዚያው አጠገብ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ ክዳኑ። አንዲት የላላች ክዳን አዲስ አበባም ሆነ ማርቆስ መኪና ታፈላለች። ስለዚህ መኪናዋን እንደገዛህ ቀለሟን ሳታስብ ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱን (በሙቀቱ ልክ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን)፣ የውሃ ፓምፑንና ቱቦዎቹን ባንድ ላይ ቀይር። የፓምፑ ፕሮፔለር ፕላስቲክ ከሆነ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ የብረት ፕሮፔለር ያለው ጠይቅ። የቴርሞስታቱ ቤትም ፕላስቲክ የሆነባት አለች፣ እሱም ያው ነው።

መካኒክህ «ቴርሞስታቱን አውልቀን እንጣለው፣ ትቀዘቅዛለች» ይልሃል። ሁሉም ይላል። እሺ እንዳትል። በማርቆስ ጠዋት ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ቢሮ ትደርሳለህ፤ ቤንዚን ትጨርሳለህ፣ ሞተሩም ይበላል። የኔን መካኒክ ስንት ጊዜ «ጋሼ፣ ተወኝ፣ ገንዘቡ የኔ ነው» ብዬ ለምኜዋለሁ።

ውሃ ስትሞላ አየር ይታሰራል። አሞላሉ እንዲህ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ቁልፉን ሳታስነሳ ክፈትና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገው። ከክዳኑ አጠገብ ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን በካቻቢቴ ላላ አድርጋት፤ ፕላስቲክ ስለሆነች በኃይል አትጠምዝዛት። ማቀዝቀዣ ፈሳሹንና ንጹሕ ውሃውን እኩል ቀላቅለህ ቀስ እያልክ አፍስስ። መጀመሪያ አረፋ ትተፋለች። አረፋው ቆሞ ፈሳሹ ብቻውን ሲወጣ እሰራት። የሙቀት መርፌው መሃል ላይ ዝም ብሎ ይቆማል። ከመሃል አለፈ ማለት ነገሩ ቆይቷል፤ «ጋሪውን ልለፍና እቆማለሁ» አይባልም። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አልሙኒየም ነው፣ ከጋለ ይጣመማል።

ማኑዋል መሆኗ ዋጋ የሚኖረው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ ስትወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ሁለት ወይም ሦስት መልስ። ያንኑ መንገድ በምትወጣበት ማርሽ ውረደው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው በዜሮ የሚለቁ አሉ። ከአደጋውም በላይ ስሌቱ ራሱ ስህተት ነው፤ በማርሽ ሆነህ ነዳጁን ስትለቅ ይህ ሞተር ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፣ በዜሮ ግን ላለመጥፋት ይጠጣል። ፍሬኑን ጫን እያደረግህ ልቀቅ እንጂ ረግጠህ አትቆይ። የፍሬን ዘይት እያረጀ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት በቶሎ ይፈላል፣ ፔዳሉም እግርህ ሥር ይልማል። በሁለት ዓመት አንዴ ቀይረው። የፍሪሲዮኑም ዘይት ከዚያው ጣሳ ስለሚመጣ ባንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

በረሃው ላይ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ይሰምጣል፣ ይጎብጣልም። የፊት መከላከያዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉብታውን በሰያፍ ውጣው። ስትወጣ ኤሲውን አጥፋ፤ ሞተሩ 3,000 ዙር አካባቢ እንዲሽከረከር በዝቅተኛ ማርሽ ያዛት። ሲኖትራክ ለመቅደም አትቸኩል። ፋብሪካው 150 የፈረስ ጉልበት ሰጥቷታል፤ ደጀን ስትደርስ በአየሩ ስስነት ሩብ ያህሉ የለም። የሙቀት መርፌው ከመሃል ካለፈ ማሞቂያውን ሙሉ ክፈት፣ መስኮት አውርድ፣ ጥግ ይዘህ ቁም። ክዳኑን እንዳትነካ።

ቤንዚን በሰልፍ እንደምንቀዳ ታውቃለህ። ሰልፉ ሲያልቅ ደግሞ በሃይላንድ የሚሸጥ ይመጣል፤ ውሃም ሊኖርበት ይችላል፣ ላምባም። ከግማሽ ታንከር በታች ካልወረድክ ብዙ ጊዜ አትፈልገውም። የቤንዚኑ ፓምፕ ታንከር ውስጥ ሆኖ በቤንዚኑ ስለሚቀዘቅዝ ግማሽ ታንከሩ ለሱም ይበጃል። ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ቀይር፣ ርካሽ ነው።

ከተማ ውስጥ ብዙ ምክር የለኝም። ባጃጅ በየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ዳገት ላይ ስትቆም በእጅ ፍሬን ያዛት እንጂ በፍሪሲዮን አታንጠልጥላት። በክረምት ከመስቀለኛ መንገድ ስትወጣ ነዳጁን ቀስ አድርግ፤ የኋላ ጎማ ናትና ጭቃ ላይ ቂጧን ትጥላለች። ማታ ከከተማ ውጭ ባትነዳ ይመረጣል፤ ከብቱም አህያውም መብራት የለውም።

ዕቃው ባብዛኛው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ይመጣል። ስታዝ «የቢኤም ፓምፕ» አትበል። የሻንሲ ቁጥሩን የመጨረሻ ሰባት ፊደልና ቁጥር ላክ፤ ትክክለኛው ዕቃ የሚታወቀው በሱ ነው። የአሮጌውንም ፎቶ ጨምር። መንገድ የሚዘጋበት ሰሞን ስለሚኖር ቀበቶ፣ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ፣ ክዳንና ፊውዝ ትርፍ ይኑርህ፤ ከክሪኩና ከአምስት ሊትር ውሃ ጋር ኋላ ይቀመጡ። ዕቃው ሲመጣ መካኒኩ ጋ ከመሄድህ በፊት ከአሮጌው ጎን አስቀምጠህ አስተያይ። የብሎን ቀዳዳው ከተለየ በዚያው አውቶቡስ መልሰው፤ አንዴ ዘይት ከነካው ሻጩ አይቀበልህም።