«ጥያቄ አለህ?» ሲሉህ

ኢንተርቪው ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲሉህ «የለኝም» ብለህ አትነሳ። እኔ እዚሁ ድሬ እንዲያ ብዬ ጉድ ሆኛለሁ። ሥራው መልካ ጀብዱ ነበር፤ ሰርቪስ ይኑር አይኑር አልጠየቅኩም። ለካ የለም! በዚያ ሙቀት ከሳቢያን ባጃጅ እየቀያየርኩ ደመወዜ መንገድ ላይ አለቀ።

የሙከራ ጊዜውንም ጠይቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ነው። «አራት ወር እናይሃለን» ካሉህ ንቃ። የማታ ሺፍት ካለ፣ ኦቨርታይም እንዴት እንደሚሰላ አንሳ።

እኔ የምወደው ግን ይሄን ነው፦ «ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ?» ብለህ ዝም በል። መልሱን ከመስማትህ በፊት ፊታቸውን እይ። እርስ በርስ ከተያዩ፣ ነገር አለ።