ለጂኖሚክስ ምርምር ሥራ የሚቀርብ ትንተና እንዴት ይሠራል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ የጂኖሚክስ (የሙሉ ዲኤንኤ ጥናት) ሥራ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የሚያስባቸው ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆለታ ያለው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከልና ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ናቸው። የትም ቢያመለክቱ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሊያስኬደው የሚችል አንድ የተሟላ ትንተና ከሠርተፍኬት ክምር ይበልጣል። ለመነሻ የቲቢ ባክቴሪያን ይምረጡ። ጂኖሙ 4.4 ሚሊዮን ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ብቻ ስለሆነ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይችለዋል፤ የሰው ግን 3 ቢሊዮን ገደማ ነው።

1. ዊንዶውስ ላይ በደብልዩኤስኤል በኩል ኡቡንቱ ይጫኑ፤ ኮንዳ በተባለው የፕሮግራም መጫኛ ፋስትፒ፣ ቢደብልዩኤ፣ ሳምቱልስ፣ ቢሲኤፍቱልስና የሥራ ደረጃዎችን በቅደም ተከተል የሚያስኬደውን ስኔክሜክ ያስገቡ። ፋይሎቹን በኡቡንቱ የራሱ ማኅደር ያስቀምጡ፤ ከሲ ድራይቭ ሲነበቡ ይንቀረፈፋሉ።

2. ከአውሮፓ ኑክሊዮታይድ መዝገብ በኢሉሚና ማሽን ከሁለቱም ጫፍ የተነበቡ (ፔርድ-ኤንድ) አምስት ናሙናዎች ያውርዱ። ለእያንዳንዱ ናሙና ሁለት ፋይል አለ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በሌሊት ጥቅል ማውረዱ ይረክሳል። ኔትወርክ ቢቋረጥ የማውረጃው ትእዛዝ ዊጌት ካቆመበት እንዲቀጥል የ«ሲ» አማራጭን ይጨምሩ፤ ሲያልቅ ፋይሉ ሳይጎድል መድረሱን በኤምዲ5 ቁጥሩ ያረጋግጡ።

3. በፋስትፒ ያጽዱ። የቲቢ የጂሲ መጠን (ጂ እና ሲ የተባሉት ቤዞች ድርሻ) 65 በመቶ አካባቢ ነው። የፋስትፒ ሪፖርት ከዚህ በግልጽ ወርዶ ወደ 40 በመቶ የተጠጋ መጠን ካሳየ የሰው ዲኤንኤ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ናሙናውን ይተኩ።

4. ሪዶቹን (ማሽኑ ያነበባቸውን አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች) በቢደብልዩኤ ኤች37አርቪ ከተባለው የቲቢ ማጣቀሻ ጂኖም ጋር ያዛምዱ፣ በሳምቱልስ ይደርድሩ። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ይቀራል፤ ስሙ ስላለ ብቻ ሙሉ ይመስላል። የሳምቱልስ «ኩዊክቼክ» ትእዛዝ ጉድለቱን ይነግርዎታል። ደረጃዎቹን በስኔክሜክ ከጻፏቸው ደግሞ ያልተጠናቀቀው ብቻ እንደገና ይሠራል፣ ሁሉንም ከሀ አይጀምሩም።

5. ናሙናው ከማጣቀሻው የሚለይባቸውን ቦታዎች በቢሲኤፍቱልስ ያውጡ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ፕሮግራሙ ካልተነገረው በስተቀር እያንዳንዱ ክሮሞሶም ጥንድ ነው ብሎ ይገምታል፤ የባክቴሪያ ግን ነጠላ ነው። ፕሎይዲን (የክሮሞሶም ቅጂ ብዛት) 1 ካላደረጉ ሐሰተኛ ድቅል ውጤት፣ ማለትም በአንድ ቦታ ሁለት የተለያዩ ቤዞች ያያሉ። ፒኢ እና ፒፒኢ የሚባሉትን ጂኖች ደግሞ ያስወጡ። ተደጋጋሚ በመሆናቸው አጫጭር ሪዶች ቦታቸውን ይስታሉ፤ የሚውቴሽኑ ብዛት በከንቱ ያብጣል።

ለማመሳከሪያ ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የተላመደ ናሙና ቢያካትቱ ይሻላል። አርፒኦቢ ጂን ላይ 450ኛው አሚኖ አሲድ ከሴሪን ወደ ሉሲን ተቀይሮ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በቆዩ ጽሑፎች 531 ተብሎ ቢያገኙት ያው ነው፤ ያ ቁጥር ኢ. ኮላይ ከተባለው ባክቴሪያ የተወሰደ ነው።

6. ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ኮዱን፣ የናሙናዎቹን የመዝገብ ቁጥርና የፕሮግራሞቹን ስሪት የያዘውን የኮንዳ ፋይል ይጫኑ። ጥሬ ዳታው አይጫንም። የታካሚ መረጃማ በፍጹም! ሊንኩን ሲቪው አናት ላይ፣ ከስልክ ቁጥርዎ ጎን ያድርጉት። ፕሎይዲ ለምን 1 እንደሆነና የትኞቹ ጂኖች ለምን እንደወጡ በቃል ለማስረዳት ይዘጋጁ፤ ጠያቂው መሣሪያውን የሚያውቅ ከሆነ የሚይዘው እዚያ ላይ ነው።