የቆየ ሚኒባስ ሰስፔንሽን ሲቀየር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በከተሞቻችን ተሳፋሪ የሚያመላልሱት የቆዩ ቶዮታ ሚኒባሶች አብዛኞቹ ከፊት ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ የብረት ዘንግ)፣ ከኋላ ባሌስትራ (ተደራርቦ የታሰረ ዝርግ የብረት ሞላ) አላቸው። ጠንካራ አሠራር ነው። ሆኖም አዲስ የተገጠመ ጎሚኒ (በብረት መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ ላስቲክ) ወይም ቦል ጆይንት (ጎማው እንዲዞርና እንዲወጣ እንዲወርድ የሚያስችል ክብ መጋጠሚያ) ብዙ ሳይቆይ ማንኳኳት ሲጀምር ወዲያው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ዕቃውን የጨረሰው አገጣጠሙ ነው።

ሳይመረምሩ መግዛት

«ፊቱ ያንኳኳል» ተብሎ ሾክ አብዞርበር ይገዛል፣ ድምፁ ግን እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ ጎማውን ከመሬት አንስተው ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙት። ከተነቃነቀ ወይ ቦል ጆይንቱ ወይ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። በግራና በቀኝ ይዘው ሲያወዛውዙ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ የመሪውን ዘንግ ጫፎች ይዩ።

ክሪኩ የሚያርፍበት ቦታም ውጤቱን ይለውጣል። ቶርሽን ባሩ የተያያዘው ከታችኛው አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጋር ከሆነ ክሪኩ ከዚያው አርም ስር ይሁን፤ ከላይኛው ጋር ከሆነ ደግሞ ከሻንሲው ስር። አለዚያ ቦል ጆይንቱ እንደተወጠረ ስለሚቆይ ያለቀው እንኳ ደህና ይመስላል።

ቶርሽን ባርን ያለ ምልክት መፍታት

ባሩ የተጠመዘዘ ጉልበት ይዞ ነው የሚቀመጠው። የማስተካከያው ብሎን ሳይላላ አርሙን የሚፈታ ሰው እጁን ለአደጋ ይሰጣል። ከመንካትዎ በፊት ብሎኑ ከዳዶው ስንት ሚሊሜትር እንደወጣ ለክተው ይጻፉ፤ ባሩና መያዣው በሚጋጠሙበት ጥርስ ላይም በቀለም መስመር ያስምሩ። የግራና የቀኙ ባር አይቀያየሩም፤ ጫፋቸው ላይ ያለውን ምልክት ይመልከቱ።

የወረደን ፊት ብሎኑን እያጠበቁ ማንሳት የተለመደ ነው። ይህ ባሩን አያጠነክረውም፤ ከፍታውን ብቻ ይጨምራል። አርሙ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ስለሚያጥረው በየጉድጓዱ ከማቆሚያ ላስቲኩ ጋር ይጋጫል፣ ቦል ጆይንቱም ከልኩ በላይ አዘንብሎ ይሠራል። ከፍታው በተነካ ቁጥር አላይመንት ማሠራት ግድ ነው።

ቦል ጆይንትን በጥርሱ በኩል መምታት

ቦል ጆይንቱን ሲያላቅቁ ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አያውጡ፤ ጥቂት ጥርስ ይዞ ይቆይ። ከዚያ ጥርሱን ሳይሆን ቦል ጆይንቱ የገባበትን ቀዳዳ ከጎን በመዶሻ ይምቱት፣ በተቃራኒው በኩል ሌላ ከባድ መዶሻ ደግፈው። ሹካ መሣሪያ የላስቲክ ሽፋኑን ስለሚቀድ የሚጠቅመው ለሚጣል ዕቃ ብቻ ነው። ሲገጥሙ ሾጣጣውን ክፍል ጠርገው ያድርቁት፤ ግራሶ አይቀቡት። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ) ቀዳዳ አልገጥም ካለ ዳዶውን ወደፊት ያጥብቁ እንጂ ወደኋላ አይመልሱት። ኮፒሊያው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የጎሚኒን ብሎን ማጥበቅ

ከሁሉም በላይ ዕቃ የሚያስጥለው ስህተት ይህ ነው። የአርሙ ጎሚኒ ውስጡ የብረት ቱቦ አለው፤ ላስቲኩ ከቱቦውም ከውጪው ብረትም ጋር ተጣብቋል። አርሙ ሲወጣና ሲወርድ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ራሱ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ከሻንሲው ጋር አንድ ይሆናል። ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ የሚያርፈው በዚያ ቦታ ነው፤ ስለዚህ መኪናው መሬት እንደነካ፣ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዟል። ተሳፋሪ ሞልቶ ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ የቀረውን አቅሙን ይጨርሳል። የተጠመዘዘው ላስቲክ መኪናውን ትንሽ ወደ ላይ ስለሚገፋ የፊቱ ከፍታም በሐሰት ይለካል።

ብሎኑን ቀለል አድርገው አስይዘው ጎማውን ይግጠሙ። መኪናውን መሬት ያውርዱ፣ ፊቱን 3 ወይም 4 ጊዜ ተጭነው ያወዛውዙ፤ ከዚያ በቶርክ ቁልፍ፣ በማኑዋሉ ልክ ያጥብቁ። ስሩ ለመግባት ካልተመቸ መኪናው በብረት ማቆሚያው ላይ እንዳለ ክሪኩን ከታችኛው አርም ጫፍ ስር አድርገው ይግፉት፤ ሻንሲው ከማቆሚያው ሊላቀቅ ሲል ቆም ብለው እዚያ ያጥብቁ። የባሌስትራው ዓይን ጎሚኒም ብሎኑ የሚጠብቀው የመኪናው ክብደት መሬት ካረፈ በኋላ ነው።

ጎሚኒ አልገባ ሲል የሳሙና ውሃ ይበቃል። ተራ ግራሶና የሞተር ዘይት ላስቲክን ያሳብጣሉ፣ ያለሰልሳሉም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ አርም መግዛት ያስኬዳል፤ ያገለገለ ጎሚኒ ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ሾክ አብዞርበር

ጥንድ ጥንድ ይቀየራል። ከመገጠሙ በፊት ቀጥ አድርገው ያቁሙትና አየሩ እንዲወጣ ጥቂት ጊዜ ጨምቀው ይልቀቁት። ዘንጉን በፒንሳ አይያዙ፤ አንድ ጭረት የዘይት መያዣውን ላስቲክ እየላጠ ያፈስሳል።

ያረጀ ዩ ቦልት መመለስና ባሌስትራ መጨመር

ባሌስትራውን ከአክሱሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልት ሲጠብቅ ይለጠጣል፤ ተፈትቶ ቢመለስ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። አዲስ ይግዙ፣ አራቱንም ዳዶ በሰያፍ እያፈራረቁ ያጥብቁ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና ይሞክሩት። ከማጥበቅዎ በፊት የመሐል ብሎኑ ራስ የአክሱሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ መግባቱን ይዩ። ዩ ቦልቱ ከላላ የመሐል ብሎኑ ይቆረጣል፣ አክሱሉም ይንሸራተትና መኪናው በጎኑ ይሄዳል።

ጭነት ለማብዛት ተጨማሪ ባሌስትራ ማስገባት ከመንገጫገጩ በላይ መዘዝ አለው። በርካታ ሞዴሎች ላይ ከኋላ አክሱል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት ማስተካከያ አለ፤ በሻንሲውና በአክሱሉ መካከል ያለውን ርቀት አይቶ ለኋላ ፍሬን ግፊት ይመድባል። የመኪናው ኋላ ከፍ ሲል «ባዶ ነው» ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። ሙሉ ሰው ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ የኋላው ፍሬን ይደክማል፣ ሸክሙ ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። ባሌስትራ የተጨመረበት ወይም የተቀየረበት መኪና የዚህ ዘንግ ርዝመት በማኑዋሉ መሠረት ሳይስተካከል ከጋራዥ መውጣት የለበትም።