የጎመን ዘርና የሰናፍጭ ጥናት ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎመን፣ ጎመን ዘር፣ ሰናፍጭ፣ ፌጦ፣ ጥቅል ጎመን፣ ብሮኮሊ፦ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በዓለም ላይ ብዙ ከተጠኑ ዕጽዋት መሃልም ይመደባሉ። እኛ ጎመን ዘርን ከምጣድ ማሰሻነት አሳልፈን ስለማናየው፣ ጥናቱ እጃችን ሲገባ እንሳሳታለን። እኔ የተሳሳትኩትም አለበት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት ስም ላይ ነው። ጥናቶቹ «ኢትዮጵያን ማስተርድ» ሲሉ አንባቢው ሰናፍጭ ይመስለዋል። አይደለም። እሱ ጎመን ዘር ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ። ሰናፍጭ ደግሞ ብራሲካ ኒግራ ነው። ግን ሩቅ አይደሉም፤ ሰናፍጭ የጎመን ዘር ወላጅ ነው። ይህን ዝምድና ናጋሃሩ ዩ የተባለ ተመራማሪ በ1935 ጃፓን ሆኖ አሳየ። ሂሳቡ ቀላል ነው። ሰናፍጭ ከየወላጁ 8 ክሮሞዞም (ዘረመሉን የተሸከመ የሴል ክፍል) ይወርሳል፣ የጥቅል ጎመን ወገን 9። ሁለቱ ተዳቅለው ከየወላጁ 17 የሚወርሰው ጎመን ዘር ተገኘ።

አሜሪካ ያላችሁ የሀበሻ ጎመን፣ ማለትም የጎመን ዘር ቅጠል፣ ስታጡ ኮላርድ ግሪንስ ትከትፋላችሁ አይደል? እሱ ከጥቅል ጎመኑ ወገን ነው። በሌላ አነጋገር ድስታችሁ ውስጥ ያለው የጎመናችን ወላጅ ዘመድ ነው። ጣዕሙ ቢቀራረብም የአንዱን የምርመራ ውጤት ለሌላው መስጠት አይቻልም።

ሁለተኛው፣ የሚሰነፍጠው ነገር ፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስለናል። እዚህ ላይ ነው ራሴን ያዋረድኩት። በጾም እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ሰናፍጩ አልተሰናዳም። ቶሎ ይደርሳል ብዬ ዱቄቱን በፈላ ውሃ በጠበጥኩት። አክስቴ በእንጀራ ጫፍ ነካ አድርጋ ቀመሰችና «ውይ! ገደልከው እኮ!» አለች። እውነትም ሞቷል። ይመራል እንጂ አፍንጫ አይነካም።

በኋላ ሳነብ አክስቴ ያለችው ቃል በቃል ልክ ሆኖ አገኘሁት። ፍሬው ውስጥ ሁለት ነገሮች ለየብቻ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሲኒግሪን የሚባል ንጥረ ነገር፣ ሌላው ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም (እሱን የሚሰብር ፕሮቲን)። ፍሬው እስካልተሰበረ አይገናኙም። አንድ ፍሬ ሳትሰብሩ ምላሳችሁ ላይ ብታስቀምጡት ምንም አይልም። ስትፈጩትና ውሃ ሲነካው ኢንዛይሙ ሲኒግሪኑን ይሰብረዋል፤ ያን ጊዜ ነው እንባ የሚያመጣው ነገር የሚፈጠረው። የፈላ ውሃ ግን ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ሰናፍጭ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ትንሽ የሚቆየው ለዚህ ነው። ተክሉ ይህን ያሰናዳው ለእኛ ማባያ ብሎ ሳይሆን ነፍሳት እንዳይበሉት ነው። የሚገርመው፣ ነጯ የጎመን ቢራቢሮ በነዚሁ ኬሚካሎች እየተመራች ነው እንቁላሏን የምትጥልበትን ቅጠል የምትለየው።

ተመራማሪዎችም በዚህ ነገር ይሸወዳሉ። ቅጠሉን ከማሳ ለቅመው፣ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቀው ላብራቶሪ ሲያደርሱት የተጎዳው ክፍል ውስጥ ሥራው ተጀምሯል። የሚለኩት ቅጠሉ የነበረውን ሳይሆን መንገድ ላይ የተረፈውን ነው። መፍትሔው እዛው በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም በጋለ ሜታኖል መጭመቅ ነው። ሙቀቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። አክስቴን ያስቆጣውን ነገር ላብራቶሪው ሆን ብሎ ይሠራዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው «ካንሰር ያድናል» የሚለው ነው። ወሬው የገነነው በ1992 ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ሰልፎራፌን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከብሮኮሊ ለይተው አወጡ፤ የሴሎችን የመከላከያ ኢንዛይሞች እንደሚያነቃቃም አሳዩ። ትልቅ ግኝት ነው። ግን በብልቃጥ ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ የታየ ነገር በሰው ላይ ታየ ማለት አይደለም። ደግሞ ሰልፎራፌንም የሚፈጠረው በዚያው ማይሮሲኔዝ ነው፤ እኛ ግን ጎመን በጥሬው አንበላም፤ ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ እንደገና እናቁላላዋለን። ኢንዛይሙ ድስት ውስጥ ያልቃል። የተረፈውን ሥራ የአንጀት ባክቴሪያዎች በከፊል ይሠሩታል፣ መጠኑ ግን ከጥሬው በጣም ያንሳል። ፌጦም እንዲሁ ነው። ብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያ ገደለ ማለት ሆድ ውስጥ ይገድላል ማለት አይደለም።

ዘይቱ ላይ ያለውን ስህተት ቶሎ ልለፈው። ካኖላ የሚባለው የምግብ ዘይት ተክል ዘመዱ ስለሆነ የጎመን ዘር ዘይትም እንደ እሱ ነው የሚል አለ። የተለመደው ጎመን ዘር ዘይት 40 በመቶ ገደማ ኤሩሲክ አሲድ አለው። አይጦች ይህን አሲድ በብዛት ሲመገቡ ልባቸው ላይ ስብ ስለታየ፣ ካናዳውያን በ1970ዎቹ መጠኑን ከ2 በመቶ በታች ያወረዱ ዝርያዎችን አወጡ፤ ካኖላ ያሉት እሱን ነው። ለማዕድ የሚያሰጋው አሲድ ግን ለሞተር ችግር የለውም። በጥቅምት 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ከጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ ጄት አብርሯል። ጥናት ላይ «ጥሩ ዘይት» የሚል ስታነቡ ለምን ጥሩ እንደሆነ እዩ።

የመጨረሻው አራቢዶፕሲስን ይመለከታል። ስንዝር የምታህል አረም ናት፣ የጎመን ዘመድ። በስድስት ሳምንት ገደማ ከዘር ተነስታ ዘር እስከ መስጠት ትደርሳለች። በ2000 የዘረመል ካርታዋ ሲጠናቀቅ ከዕጽዋት ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆነች። «አረም ማጥናት ምን ይረባል» የሚሉ አሉ፤ እነሱን ተዉአቸው። የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፦ እሷ ላይ የሠራውን ሁሉ ጎመን ዘር ላይ ይሠራል ብሎ መገመት። እሷ ላይ አንድ ጂን ሲጠፋ ለውጡ ዓይን ላይ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ጎመን ዘር ግን ከሁለት ወላጅ የወረሰ ነው። ከሰናፍጭ የመጣውን ጂን ብታጠፉ ከጥቅል ጎመኑ ወገን የመጣው ቅጂ ሥራውን ይቀጥልበታል። ተመራማሪው «ጂኑ ጥቅም የለውም» ብሎ ከመጻፉ በፊት ስንት ቅጂ እንደቀረ ቆጥሮ ማወቅ አለበት።